ስለ ጣቶቼ የጻፍኳት ግጥም

አሥራ ሁለት መስመር ግጥም በሃያ ሁለት ዓመት የገነባሁትን ስም አስከፈለችኝ። የበግ ነጋዴ ስሙ ያለው እጁ ላይ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅም ስለሆነ ዐይንን ያታልላል፤ ከላይ ሙክት የመሰለህ ከሥር አጥንት ሊሆን ይችላል። እጅህን ሰደድ አድርገህ ወገቡን ካልዳሰስክ የገዛኸው ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ እንጂ በግ አይደለም። የእኔን እጅ የመሐል ሜዳ ገበያ ያምነው ነበር። ሰዎች በዋጋ ሲጣሉ እንኳ "እስቲ እሱ ይዳስሰው" ይባል ነበር።

ከዚያ ስኳር ያዘኝ። ደብረ ብርሃን ያየኝ ሐኪም ሕመሙ ነርቬን እንደነካው ነገረኝ፤ ጣቶቼ ቀስ በቀስ ደነዘዙ። ይህን የምናውቀው ሦስት ነበርን፤ ሐኪሙ፣ ባለቤቴና እኔ። ገበያ ላይ መዳሰሴን ግን አልተውኩም። እጄ ጠጉር ውስጥ ሆኖ ዐይኔ የሻጩን ፊት ይዳስሳል። ፊትም ቢሆን ስብና አጥንት አለው።

በጎቹን ደብረ ብርሃን ሳደርስ የማድርባት የኪራይ ክፍል አለችኝ። ከግድግዳው ማዶ የሚያስል ሰው አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው ፊቱን አላየሁም። ግጥም መጻፍ የጀመርኩት እዚያ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት የግጥም ዝግጅት ያለበት አዳራሽ ገባሁና፣ እዚህ ማን ያውቀኛል ብዬ ስለ ደነዘዙት ጣቶቼ የጻፍኳትን አነበብኩ፤ አጀማመሯ እንዲህ ነው፦

ጣቶቼ ከተሜ ሆኑ፣ ጎረቤት አያውቁም፤
በር ለበር ይኖራሉ፣ አንኳኩተው አይጠይቁም።

ተጨበጨበልኝ። ለካ አንዱ በስልኩ ቀርጾኝ ኖሯል። እኔ በሚኒባስ መሐል ሜዳ ስደርስ ግጥሟ ቀድማኝ ገብታለች።

በገበያው ቀን፣ ከዘመሮ በኩል እየመጡ ለዓመታት በግ የሸጡልኝ ሽማግሌ ሁለት ጠጉራም በግ ይዘው ፊቴ ቆሙ። ሰው ከበበን።

"የሰባው የትኛው ነው?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ዛሬ ደግሞ ፈተና አመጡብኝ?"

"ዳስሰህ ንገረኝ።"

"ገጣሚው፣ እስቲ ጎረቤትህን አንኳኳ" አለ ከኋላዬ አንድ ደላላ።

እምቢ ብል አበቃልኝ፤ ብሳሳትም እንዲሁ። እጄን ጠጉሩ ውስጥ ከተትኩ። ምንም። ጉም እንደመጨበጥ ነው። ሁለተኛውንም ሞከርኩ፤ ያው ጉም። የሽማግሌውን ፊት ለማንበብ ቀና አልኩ፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ላብ በጀርባዬ ወረደ፤ እሱ እንኳ ተሰምቶኛል።

"ይሄኛው" አልኩ።

ጎንበስ ብለው ጠጉሩን ከፈል አደረጉት። የጀርባው አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ተገትሯል። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

"ለማታውቀው ከተሜ የነገርከውን እኛን ለምን ደበቅኸን?"

"እዚያ በግ የሚሸጥልኝ የለማ፣ አባቴ።"

ደላላው ብቻ ሳቀ። ሽማግሌው ሁለቱንም በጎች ነድተው ሄደው ለሌላ ነጋዴ ሸጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ከዘጠኙ ደንበኛ ሻጮቼ አንድም አልመጣም። የመጡልኝ ጠጉር የለበሱ አጥንቶች የያዙ ሰዎች ነበሩ። አንድም ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

"ስንት ዘመን ጠጉር ፈትያለሁ፤ እጄ አይታማም" አለች ባለቤቴ። "ከአሁን ወዲያ አብሬህ እወጣለሁ።"

"ግጥሙስ?"

"እሱን አንተው ዳስሰው።"

አሁን እሷ ትዳስሳለች፣ እኔ ዋጋ እከራከራለሁ። ከዘጠኙ ሻጮች አራቱ ተመልሰዋል። ሽማግሌው አልተመለሱም።