የኮሎኔሏ ሰላምታ

የያዙኝ ከስብሰባ ስወጣ ነው። እጄን አውጥቼ ስለታፈሱት የሰፈራችን ልጆች ጠይቄ ነበር። «በምን ጥፋት እንደተያዙ ለእናቶቻቸው ይነገራቸው» ነው ያልኩት፣ ሌላ አልተናገርኩም። ሰብሳቢው አመሰገነኝ። በር ላይ ሁለት ሰዎች ጠብቀው «እማማ፣ ለአንድ ደቂቃ እንፈልግዎታለን» አሉኝ። አንድ ደቂቃ መስሎኝ ጃንጥላዬን ወንበሩ ላይ ትቼው ሄድኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ክፍተት «ዊንጌት! ዊንጌት!» የሚል የታክሲ ረዳት ድምፅ ይገባል፤ ነፋሱ ከላይ ሲመጣ ደግሞ የቁስቋም ቅዳሴ ይሰማል። ሴቶቹ የሚተኙት ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው። አንዷ ልገልበጥ ካለች ሁሉም አብረው ይገለበጣሉ።

እኔ አድልዎ ካለበት ቤት መኖር አልችልም። በገባሁ በሳምንቱ ሁሉንም ነገር በተራ አደረግሁት፦ ግድግዳው ጥግ መተኛት በተራ፣ በሩ ሥር ተቀምጦ አየር መሳብ በተራ፣ ባልዲ መድፋትም በተራ። «ተራ አስከባሪዋ» ብለው ስም አወጡልኝ። «እማማ፣ የቁስቋም ታክሲ ሞልቷል ወይ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከሰዓት ከሰዓት እተርክላቸው ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ በሬዲዮ የሚነበብ ልብወለድ ግን አያመልጠኝም። አንዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለ አንድ ጄኔራል ነው። ቁስሉን በጥርሱ እየጎተተ ያስራል፣ ብቻውን ምሽግ ይሰብራል፣ ሲማረክ ደግሞ የታሰረበትን የብረት በር በትከሻው ገንጥሎ ይወጣል። በሩ ጋ ስደርስ «ይድገሙት!» ይሉኛል። እደግመዋለሁ፤ በደገምኩት ቁጥርም በሩን ትንሽ አወፍረዋለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት አስገቡ። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቱታ የለበሰች፣ የጫማዋ ክር የተወሰደባት። ፖሊሱ «ግቢ፣ ኮሎኔል» ብሎ ሳቀና በሩን ዘጋው። ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ሁላችንም ያየነው ትከሻዋን ነው።

«እውነት ኮሎኔል ነዎት?» አለቻት ከመሀላችን ያለች የጉሊት ነጋዴ።

«ነበርኩ» አለችና ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች።

አብራን አንዲት ተማሪ ነበረች፣ አስም ያለባት። አፏ ውስጥ የምትነፋውን መድኃኒት በፍተሻ ወስደው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውታል። ስንለምናቸው አንዳንዴ ይሰጡናል፣ አንዳንዴ «አለቃ ይምጣ» ይላሉ። ኮሎኔሏ በገባች ማግስት ልጅቷ ታፈነች። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ትከሻዋ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ አየሩ ግን አይገባላትም። በሩን ደበደብን።

«አለቃ የለም!» አለ ፖሊሱ ከውጭ።

ሁሉም ዞሮ ኮሎኔሏን አየ።

«እኔ እዚህ ምን ሥልጣን አለኝ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ሲያዩ ይብስባቸዋል።»

ያኔ እኔ ተናገርኩ። «ጦር ስታዥ ኖረሽ አንድ ጎረምሳ ፖሊስ ትፈሪያለሽ? ምን ዓይነት ኮሎኔል ነሽ አንቺ?» እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበር የምላት።

ተነሣች። በሩን ልትገነጥለው መስሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ እውነቴን ነው፣ መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን የቱታዋን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋች። በሩ ላይ ባለችው መስኮት ፊት እግሮቿን ገጥማ ቀጥ አለችና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ኮንስታብል፣ ታማሚ አለችብን። መድኃኒቷ እንዲሰጣት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።»

ፖሊሱ የልጅ ልጄን ያክላል። «አልሰማሁም፣ ድገሚው!»

ደገመችው።

«ኑ እዩ!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። «ኮሎኔል ሰላምታ እየሰጠችኝ ነው!» መጡ። አንዱ «እስቲ በግራ እጅሽ» አላት። በግራ እጇ አደረገችው። ሳቁ፤ አንዱማ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሳቀው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያዋረዱት እኔን፣ ያዋረደችኝም እሷ ይመስል ተናደድኩባት። ከዚያ መድኃኒቱ በመስኮቷ ገባ። ልጅቷ ነፋች፣ ደገመች። ቀስ በቀስ ደም ወደ ፊቷ ተመለሰ።

ያን ቀን ከሰዓት ይተርኩልን ያለኝ የለም። ኮሎኔሏ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያንን መጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ እማማ። ለምልምሎቼ አስነብብላቸው ነበር። እንደ እሱ ነው መሆን የሚፈልጉት። ሩጡ ስንላቸው እንደ እሱ ነው የሚሮጡት።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ሮጡ» አለች። «ብዙዎቹ አልተመለሱም።»

በማግስቱ ልጅቷን ደግሞ አፈናት። ገና ለምነን ሳንጨርስ ፖሊሱ «ኮሎኔሏ ትምጣና ሰላምታዋን ትስጥ» አለ። ልትነሣ ስትል የቱታዋን ጫፍ ያዝኩ። «ይቀመጡ» አልኳት። «የእርስዎ ትናንት ደርሷል።»

ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁና መስኮቷ ጋ ቆምኩ። እጄን እንደነገሩ ግንባሬ ላይ አደረግሁ።

«እርስዎን አይደለም የጠራሁት፣ እማማ» አለኝ።

«እዚህ ቤት በተራ ነው፣ ልጄ። ዛሬ የኔ ነው፣ ነገ የሷ» ብዬ የጉሊት ነጋዴዋን አሳየሁት። «ማናችንም አንቀርም።»

ትንሽ አየኝ። አልሳቀም። መድኃኒቱን ሰጠኝ። በማግስቱ ነጋዴዋ ቆመች፣ ከዚያ ሌላዋ። አንድ ቀን ገና ስንነሣ «በቃ፣ በቃ!» ብሎ መድኃኒቱን ለልጅቷ ጣለላት፤ ከዚያ ወዲያ እጇ ላይ ቀረ።

ኮሎኔሏን እኔ ከመፈታቴ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። ሲጠሯት ባልዲ ደፍታ መመለሷ ነበር፤ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ሄደች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር። የት እንዳለች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ጠይቄ የሚነግረኝም አላገኘሁ።

ተማሪዋ ዛሬ ሥራ ይዛለች። በበዓል ቤቴ ትመጣለች፤ እንግዳ ካለ የተራውን ነገር ታወራለች። «እማማ ናቸው ያዳኑኝ» ስትል ሰዎቹ ይስቁና ይመርቁኛል። «እኔ አይደለሁም» እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

በተራ የቆምነው ብዙ ነን። ለእያንዳንዳችን የደረሰን ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን ተራ አልነበረውም። እዚያ መስኮት ፊት ብቻዋን ነው የቆመችው፤ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ።