ሙሉ ነው ያልኩት ሲዲ

ጭሮ ውስጥ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበረ። ይኸው ጉራዬ ነው ገለምሶ ድረስ ወስዶ ያዋረደኝ።

ገለምሶ አንዲት የኮምፒውተር መምህርት ነበሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ። ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተር ክፍላቸውን መጋዘን ሊያደርገው አስቧል። አሮጌዎቹ ማሽኖች አንድ ረብ ያለው ነገር ሲሠሩ ካየ ግን ሊተውላቸው ተስማምቷል። እኔ ደግሞ ለሊኑክስ የአማርኛና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ሠርቼ ነበር። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ስለሌለው፣ እዚያው ማሽናቸው ላይ እንዲገነቡት ኮዱንም፣ የሚያስፈልገውን ፋይልም፣ መመሪያውንም ጠቅልዬ በሲዲ ወሰድኩላቸው።

"የጎደለ የለም?" አሉኝ።

"ሙሉ ነው ቲቸር፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይጫኑት።"

ርዕሰ መምህሩ በኦሮምኛ "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ እስቲ እንየው" ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መምህርቷ ትእዛዙን ጻፉ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ተግተለተለ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። የቃላቱ ፋይል የለም ይላል። የት እንዳለ ወዲያው ገባኝ፤ ጭሮ፣ የራሴው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። ጥቅሉን ሌላ ማሽን ላይ አንዴ እንኳ ሞክሬው አላውቅም። እኔ ቤት ሲገነባ ለካ የጎደለውን ከጓዳዬ እየተበደረ ኖሯል። ላዩ ለምለም፣ ውስጡ የማይቃም ገረባ የሆነ የጫት እስር ነበር የሸጥኩላቸው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ እኔ ግን ስክሪኑን ደግሜ የማነብ መሰልኩ።

መምህርቷ ዞር ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ፣ "እኔ ነኝ፣ የማይነካ ነካክቼ መሰለኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ" አሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መናኸሪያ ድረስ ሲሸኙኝም ነገሩን አላነሱብኝም፤ "አብሽር" ብቻ አሉኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ተለያየን።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ይህን ጊዜ ጥቅሉን ምንም ያልተጫነበት የጓደኛዬ ማሽን ላይ ገንብቼ አይቼዋለሁ። መዝገበ ቃላቱ ተከፈተ፤ ክፍላቸውም ሳይወሰድባቸው ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ አመሰገነኝና ወደ እሳቸው ዞረ።

"እርስዎም እንደ ባለፈው እንዳያበላሹት፤ ልጁ ለፍቶበታል።"

"እሺ" አሉ።

እኔ ጎንበስ ብዬ የኮምፒውተሩን ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ። ገመዱ ምንም አልሆነም ነበር።