ከወንድሜ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ

እኔ አንድ ጊዜ ጋኔን ሆኜ ከሰው ላይ ወጥቻለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሚስቴም እስከዛሬ አላመነችም።

ሰውየው ድብ ባሕር በሚባል ገጠር የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። አርባን ሲያልፍ ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። ትከሻው በራሱ ጊዜ ብድግ ይላል፣ ጣቶቹ የሌለ በገና ይደረድራሉ፣ እግሩ መንገዱን ይስታል። «እረፍ» ስትለው ይብስበታል፤ ጸጥ የሚለው እንቅልፍ ሲወስደው ብቻ ነው። አባታችንም እንዲህ ሲሆን ነው የሞተው። አገሩ ግን «ሰካራም» ይለው ነበር።

ጎንደር አምጥቼ ጸበል አስገባሁት። መስቀሉ ሲያርፍበት መንፈሱ ለፍልፎ፣ «ወጣሁ» ብሎ ነው ሰው የሚለቀቀው። የወንድሜ ግን ይወራጫል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ሰባት ቀን፣ ሁለት ሰባት፣ ሦስት ሰባት ጠበቅን። አጥማቂው አባ ደከሙ። እኔም መኪና ከምጠግንበት ከአዘዞ ጋራዥ፣ የመኪና ቅባቱ፣ ግራሶው፣ ከእጄ ሳይለቅ ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ። እሱ ደግሞ ሥጋው አለቀ። ቀኑን ሙሉ ሲወራጭ የሚውል ሰው ሲያርስ እንደዋለ ነው፤ በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ የጎረሰውም ያንቀዋል። ቀበቶውን በሚስማር የምበሳለት እኔ ነበርሁ። ሦስተኛውን ቀዳዳ ስበሳ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አያ፣ ተነስ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«መንፈሱ ሳይለፈልፍ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ምነው፣ ዲዳ ቢሆንስ?»

«አንተ ቀላል! ጸበል ላይ ታሾፋለህ?»

በማግስቱ ጸበሉ ላይ ከኋላው ቆምሁ። የማላስመስለው ድምፅ የለም፤ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የቻልሁት። አባ «ተናገር!» ሲሉ፣ ወፍራም ድምፅ አውጥቼ «ወጣሁ! ወጣሁ! ሁለተኛ አልመለስም!» ብዬ ጮህሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንድሜ አለቀሰ። አባ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ይሄ ጋኔን ግራሶ ግራሶ ይሸታል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ውሰደው። ጸበሉን በጀሪካን ያዝለት፤ ኪኒንም አልተከለከለም» አሉኝ።

ሐኪሟ ስለ አባታችንም ጠይቃ ብዙ መረመረችው። «አንጎሉ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚገታው ቦታ ተጎድቷል» አለች።

«ፍሬኑ ነዋ!»

«እንደዚያ በለው።»

«ይቀየራላ?»

«አይቀየርም። ኪኒኑ ያበርድለታል። በዘር የሚሄድ ይመስላል፤ አባታችሁም ይሄው ሳይሆን አይቀርም የነበረባቸው።»

«በዘር» ስትል ሃያ ዓመት ፍሬን የሠራሁበትን እጄን አየሁት። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ኪሴ ከተትሁት።

አሁን ድብ ባሕር ስወጣ አጥሚት በማንኪያ አጠጣዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠግበው ሸሚዜ ነው። በቀን አምስቴ መመገብ ያደክማል። ሚስቱ ከኔ በላይ ደክማለች። ከሁሉ የሚያደክመው ግን ሰው ነው። ትከሻው ብድግ ባለ ቁጥር «ተመለሰበት» ይላሉ፤ እኔም አንድ ወሬ መቶ ጊዜ አስረዳለሁ።

ባለፈው የሚካኤል ማኅበር ላይ አንዱ «ተመለሰበት» አለ። ወንድሜ እየተወራጨ ተነሳ። «አልተመለሰም» አለ። «ድሮም አልነበረም። በሽታ ነው። አባቴም ሰካራም አልነበረም።» ቁጭ ብሎ የቀረበለትን ጨርሶ በላ፣ ጨመረም።

ይሄን ጊዜ ድምፁ የራሱ ነበር፤ እኔ ከኋላው አልጮህሁለትም። ይሄንንም አታምኑም አይደል? ሂዱና ማኅበርተኛውን ሁሉ ጠይቁ።