የተገለበጡት ነጠላዎች

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ለታናሽ እህቴ ለስንዱ የገዛሁት አረንጓዴ ቀሚስ አለ። አምናም ይዤላት ሄጄ ሳትለካው መልሼዋለሁ። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ስንዱ ግን ከል አላወለቀችም። ሰዓሊ ናት። ብሩሽ አልነካም ብላ ከርማ፣ በቅርቡ ደውላ «አንድ ነገር ሠርቻለሁ፣ ነይና እዪልኝ» አለችኝ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

የዓባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ከደጀን ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ፤ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሉማሜ ላይ ሻይ በትኩስ ዳቦ ቀመስኩ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ሥዕል ለማየት ነው ብላት አላመነችኝም፤ ሻይ ብቻ ጨመረችልኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ ከሰዓት በኋላ

ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ አንድ የድሮ እህል መጋዘን ደረስኩ። ስንዱ ከጣሪያው ላይ የእናታችንንና ጎረቤቶች ያዋሷትን የሟች እናቶቻቸውን ነጠላዎች ሰቅላለች። ሁሉም ለሐዘን እንደሚለበሰው ተዘቅዝቀዋል፤ ጥለታቸው ወደ ላይ ነው። ከየነጠላው ሥር በሰፌድ ገብስ አብቅላለች። በመካከላቸው ሳልፍ የእማዬ ነጠላ ትከሻዬን ነካኝ፤ አለቀስኩ።

ሊያዩ የተጠሩት የሰፈሩ እናቶች ግን የተዘቀዘቀ ነጠላ ሲያዩ ልቅሶ ቤት የገቡ መሰላቸው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። አንዷማ ንፍሮ ይዛ መጥታለች። ስንዱ ሥዕል እንደሆነ፣ እየዞሩ እንዲያዩት ብትለምን የሚነሣ ጠፋ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ከተቀመጡት መካከል፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት የእናታችን ጎረቤት እትዬ ዘሀራ እህቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጄ፣ እስካሁን ከልሽን ያስወለቀሽ የለም?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ። በአገሩ ደንብ ሐዘንተኛን ከል የሚያስወልቀው ጎረቤት ነው፤ ሁሉም ሌላው አድርጎታል ብሎ ትቶት ኖሯል። «በይ፣ ከእናትሽ ነጠላ ጀምሪ። ገልብጪው።»

ስንዱ ወደ ተሰቀሉት ነጠላዎች ቀና አለች። ያን ሁሉ ነጠላ አንድ በአንድ የሰቀለችው እሷ ናት፤ አንዱ ከተገለበጠ ያሰበችው ሁሉ ሊፈርስባት ነው። ቆይታ መሰላሉን አስጠጋች፣ ወጣች፣ የእማዬን ነጠላ ፈታ ጥለቱን ወደ ታች አዞረችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ የየእናታቸውን ነጠላ ለመገልበጥ ተራ ያዙ። ወደ ማታ ቀዩም ቢጫውም ጥለት ወርዶ ገብሱን ሊነካ ደረሰ። ስንዱ ከታች ቆማ ስታየው «አሁን አለቀ» አለች።

በማግስቱ ወደ ቤት

ስመለስ ያቺ የሉማሜ ሴት ሥዕሉ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሷም የእናቷ ነጠላ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። ሰው ብቻውን ሊያዝን ይችላል፤ ከሐዘን ለመውጣት ግን ጎረቤት ይፈልጋል። ይህን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ቦርሳዬን ስከፍተው፣ በቀሚሱ ቦታ የስንዱ ጥቁር ልብስ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።