አረንጓዴው ፊት

ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። ግማሹን ሰፈር አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ስለሆነች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ባሏ ደግሞ ሠዓሊ ነው፤ ያውም ስሙ የተጠራ። መንገድ ላይ ሁለቱን ያገኘ ሰው ለእሱ እጅ ይነሳና ለእሷ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። አትቀየምም። «እሱን የሚያውቁት የተማሩት ናቸው፤ ያስተማርኳቸው ግን እኔ ነኝ» እያለች ትስቃለች።

የዓይኑ ነገር የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ደረጃ ሳተ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ አስቀመጠው። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን እናቆየው» አለ። የቀረውም ሳይቆይ ሄደ፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አልተረፈውም። ከመጨረሻው ሕክምና ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ እጇን ጭምቅ አድርጎ ያዛትና፣

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፤ ለልጃችንም ቢሆን። ሠዓሊው ታወረ ከሚሉኝ ሞተ ቢሉኝ ይሻለኛል» አላት።

እሺ አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ከምስጢሩ ጋር መኖሩ ነው። ቀለሞቹን በእንጨት ሣጥን ውስጥ በሰልፍ ደረደረችለት፦ ከግራ ነጭ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ። በጣቱ ዳስሶ ቦታውን እንዲያውቅ ሸራው ላይ ክር ወጠረችለት። ከኋላው በርጩማ ላይ ትቀመጥና «ትንሽ ከፍ... እዚያው... አሁን ወደ ቀኝ ሳበው» ትለዋለች።

«ዘንድሮ ደግሞ አንደኛ ክፍል አስገባሽኝ!» ይላታል፣ አንዳንዴ እየሳቀ፣ አንዳንዴ ብሩሹን እየወረወረ። ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል፤ «እንዴት ሆነ?» ይላል።

«አምሯል» ትለዋለች። ብዙውን ጊዜ እውነቷን ነበር።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ስለ አንጋፋ የጥበብ ሰዎች ተከታታይ ዶክመንተሪ መሥራት ጀምሮ ነበርና፣ አንድ ቀን አዘጋጇ ደወለች። ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ከእሱ የተማሩትም ሳይቀሩ፣ ቀድመውት በቴሌቪዥን ታይተዋል። እሱ በየሳምንቱ እየሰማቸው ያለ ነገሩ ዝም ሲል ቲቸር ታየው ነበር። ስለዚህ ስልኩን ዘግቶ «ይመጣሉ» ሲላት እንቢ ለማለት አንጀቷ አልቻለም።

አዘጋጇ ቅልጥፍ ያለች ወጣት ናት። ካሜራማኑ ደግሞ ቤቱን ተረከበው ቢባል ይቀላል፤ ሶፋውን ገፋ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ መብራት ተከለ።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ይዩልን፤ ወደ ካሜራው።»

«መብራት ዓይኑን ይወጋዋል» አለች ቲቸር ፈጠን ብላ።

የሕይወት ታሪኩን ሲያወራ ነፍሱ መለስ አለች፤ ሳቀ፣ አሳቃቸው። ከዚያ አዘጋጇ፣ «አሁን ሲሥሉ እንቅረጽዎት። እትዬ፣ እርስዎ ግን ካሜራው ውስጥ እየገቡብን ነው፤ ትንሽ ዞር ይበሉልን» አለቻት።

ባሏ አገጩን ቀና አድርጎ «ሂጂ፣ ግድ የለም» አለ። የእናቱን ፊት ሊሥል ነው፤ እሱን ክሩን እየዳሰሰ ብቻውን ይወጣዋል። ቲቸር ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ካሜራማኑ የቀለሙን ሣጥን ለመብራት እንዲመቸው አዙሮ ማስቀመጡን አላየችም።

ስትመለስ ሸራው ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ፊቷ አረንጓዴ፣ ከንፈሯ ቢጫ፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት መሆን የነበረበት ሰማያዊ። ቲቸር አፏን በእጇ ያዘች።

«ድፍረት ነው!» አለች አዘጋጇ በአድናቆት። «በዚህ ዕድሜያቸው አዲስ ስልት!»

ካሜራማኑም ሊቅ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ሠዓሊው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቱን ሚስቱ ወዳለችበት መለሰ።

«እንዴት ሆነ?»

ሰዎቹ ቆመዋል፤ መብራቱ አልጠፋም። ምን ትበል?

«አምሯል» አለች።

ፕሮግራሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተላለፈ። ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ መጥታለች፤ ጎረቤትም ሳሎኑን ሞልቷል። ቲቸር ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። እነግረዋለሁ ትልና፣ ፂሙን ሲላጭ እያፏጨ ስትሰማው ወኔዋ ይከዳታል። ተራኪው ግን እንደሷ አልራራለትም። «እነሆ አረንጓዴው ፊት» አለ ሞቅ ባለ ድምፅ፤ «ቢጫው ከንፈር! ሠዓሊው እናታቸውን ከምድር ልምላሜ ጋር አንድ ያደረጉበት...»

ሳሎኑ አጨበጨበ። እሱም ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠበቀና፣ «የእናቴ ፊት አረንጓዴ ነው?» አላት።

«ሣጥኑን አዙረውት ነው...»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። አምሯል አላልሽኝም?»

«በሰው ፊት እንዴት ላዋርድህ?»

«ከሄዱ በኋላስ? በነጋታውስ? ሌላ ስንቱን ነው አምሯል ያልሽኝ?»

መዋሸት አቃታት። የወንዙ ሥዕል ላይ ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ መቆሟን ነገረችው። በሌላ ሥዕል ላይ የአንዲት ልጅ ዓይን ጆሮዋ ሥር መውረዱንም። ልጃቸው በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ሰማች፤ የአባቷን መታወርም ያን ቀን እንዲህ ሆኖ ነው ያወቀችው። «እንዴት ለእኔ?» ብላ እናቷ ላይ ጮኸች። ምስጢሩ የማን እንደነበር መናገር ባሏን ማሳጣት መሰላት፤ እሱም አልተናገረላትም።

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካም። ጣቢያው ፕሮግራሙን ደገመው፤ የሥዕል ተማሪዎች እየመጡ ስለ አረንጓዴው ፊት ይጠይቁታል። «ስህተት ነው፤ አላይም፣ ቀለም ተምታቶብኝ ነው» ይላቸዋል። በትሕትናው ተደንቀው ይሄዳሉ። እሷ ሻይ ታቀርባለች፣ እሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል፤ እንደ እንግዳ።

አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሳይታሰብ ጠየቃት።

«ደጁ ምን ይመስላል?»

ቲቸር መጋረጃውን ገለጠች። ያልወጣውን ቀስተ ደመና ወጥቷል ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ደመና ነው። የጎረቤት አንሶላ ከገመድ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቷል። ውሻ ተኝቶበታል።»

ፊቱ አልተፈታም፤ እጁንም አልዘረጋላትም።

«ውሻው ምን ዓይነት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ዳለቻ። እርጥብ። አስቀያሚ።»

«ቀጥይ» አላት።