እማዬን የወሰደብኝ ኤሲ

ታናሽ እህቴ ስርጉት ቤቷ ኤሲ ያስገባች ዕለት መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። «እታለም፣ ከእንግዲህ እማዬን ሙቀት አያሰቃያትም» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን ቅናት አንገበገበኝ። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕቃ ቀናሁ።

እናታችን እልፍነሽ አሶሳ አርባ ዓመት ኖራ ሙቀቷን አንድ ቀን ያልለመደች ሴት ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለሰፈራ ከወሎ ሲያመጧት እኔን የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ፣ ስርጉትን በሆዷ ይዛ ነበር። ስርጉት ጡት ሳትጥል አባታችንን ወባ ወሰደው። ከዚያ በኋላ እማዬ በሰፈራ መንደሩ የሰው ማሽላ አርማ፣ ማንጎ ተሸክማ ገበያ ወጥታ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወለል ጠርጋ አሳደገችን። ወባውን ቻለችው። ቋንቋውንም ለመደችው፤ ገበያ ላይ ከበርታ ሴቶች ጋር በቋንቋቸው ተከራክራ ስታሸንፍ ሰው ቆሞ ያያታል። ሙቀቱን ግን እስከ ዛሬ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የምታየው። የካቲት ሲገባ ሰማዩን ቀና ብላ ታይና «ይኸው መጣ ደግሞ» ትላለች፣ ሰላምታ እንደነፈገችው ሰው።

እኔ ትዳሬ ከፈረሰ ወዲህ አብራኝ የምትኖረው እሷ ናት። አስራ ሰባት ዓመት። ልጅ የለኝም፤ እማዬ አለችኝ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ለምሳ እረፍት ከመሥሪያ ቤት እየሮጥኩ ቤት የምገባው ለመብላት አይደለም። ወለሉን ውሃ ለመርጨት፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ለመስቀል፣ የማንጎው ጥላ ሲዞር ወንበሯን አብሬ ለማዞር ነው። አንድ ጊዜ አለቃዬ «የሻረግ፣ ምሳ በልተሽ ነው ወይስ ዋኝተሽ የምትመጪው?» ብሎኛል፣ የቀሚሴን ጫፍ አይቶ። ስርጉት በበኩሏ አንድ ቀን ለእማዬ ወለል ረጭታ አታውቅም። እሷ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፣ ጉንጯን ትስማታለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ትሄዳለች።

እና ይህች ናት በአንድ ሳምንት እማዬን የወሰደችብኝ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ የስርጉት ባል ታረቀኝ መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ «እማማ፣ ክፍልዎ ተዘጋጅቷል፤ ሙቀቱ እስኪያልፍ ብቻ» አላት። ጥሩ ሰው ነው፣ እሱን ለመጥላት ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሳህን እያጠብኩ ጀርባዬን ሰጥቻት ቆየሁ። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

ስርጉት ቤት ኤሲውን የገጠመው ጀዕፈር የሚባል፣ ከአሶሳ አጠገብ ካለችው ከሆሞሻ የመጣ ልጅ ነው። ከኤሲው ጋር ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መቆጣጠሪያ ሰቅሏል። እሱ ቴርሞስታት ይለዋል፣ እማዬ ደግሞ ሳጥኑ። ሰዓቱንና ዲግሪውን አንዴ ከሞሉለት ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያጠፋል። ጀዕፈር ገጥሞ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሎ ሌላውን ሳይሞላ ሄደ። «እኔ ሽቦ ነው የምሠራው። ማማ መቼ ይነሳል፣ መቼ ይተኛል፣ እናንተ ነው የምታውቁት» አላቸው።

በቤተሰባችን እንዲህ ያለውን ነገር የማስተካክለው እኔ ነኝ። የሁሉንም ስልክ፣ የሁሉንም ዲሽ ያስተካከልኩ እኔ ነኝ። ስርጉት ቅዳሜ ከሰዓት ጠራችኝ። ሄድኩ። ሳጥኑ ስለ ክፍሉ ባለቤት አራት ነገር ይጠይቃል፦ የምትነሳው ስንት ሰዓት ነው፣ ከቤት የምትወጣው፣ የምትመለሰው፣ የምትተኛው፤ ከዚያም ብርዱ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ይንፈስ ይላል። ይህንኑ ለሰባቱም ቀን ለየብቻ።

«እማዬ ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?» አልኳት ስርጉትን፣ መልሱን እያወቅሁት።

«እ... አንድ ሰዓት?»

«አስራ አንድ ሰዓት።»

«በሌሊት ምን ትሠራለች?»

«ትጸልያለቻ! ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት ግቢ ውስጥ ነው የምትቀመጠው። ሙቀቱ የሚይዛት ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ ካላሸለበች ማታ ራስ ምታት አለባት።»

ስርጉት አፏን ከፍታ ታየኛለች። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፣ አልሞከርኩምም። ሳጥኑ በጠየቀ ቁጥር እመልሳለሁ፣ በመለስኩ ቁጥር እህቴ ታንሳለች። በየወሩ ሃያ አንድ ማሪያም ስለሆነ እማዬ ረፍዶ ነው ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው፤ ይህን ግን ሳጥኑ ሊይዝልኝ አልቻለም፣ የሚያውቀው የሳምንቱን ቀን እንጂ የወሩን አይደለም። እሱንም ቢሆን በልጬዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል እናቴ ተመልሳ የእኔ ሆነች።

«ዲግሪውስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«አስራ ስምንት አድርጊው፣ ትቀዝቅዝ እንጂ እማዬ!» አለች ስርጉት።

ከሃያ አምስት በታች ከሆነ ጉልበቷ እንደሚቆረጥማት አውቃለሁ። በክረምት ሁለቱንም ጉልበቷን በቅባት የማሻት እኔ ነኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። አስራ ስምንት አልኩና ጫንኩት። የተጠየቅሁት ዲግሪ አይደለም፣ ሰዓት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ገቢ ደብዳቤ እየመዘገብኩ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከሃያ ይላል። ኮምፒውተሬ ጥግ ላይ 9:20 ይላል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፣ አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ያን ዕለት ግን አየሁት። ጀዕፈር የሳጥኑን ሰዓት የሞላው እንደ ኮምፒውተሩ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ የእማዬን ሰዓት የሞላሁት በእኛ ነው። ስድስት ብዬ የጻፍኩት ቀትር አይደለም፤ ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። አስር ያልኩት ደግሞ ከጠዋቱ አራት። ማለትም ኤሲው እማዬን ጠዋት ከግቢ ስትገባ በአስራ ስምንት ዲግሪ ያንቀጠቅጣታል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ መጋል ሲጀምር ደግሞ ይጠፋል።

ስልኬን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር አንስቼ ነበር። ስከፍተው ስርጉት በዋዜማው የላከችልኝ ፎቶ መጣ። እማዬ በአዲስ አንሶላ ላይ ጋደም ብላ ትስቃለች፤ ከሥሩ «ንግሥታችን በቤተ መንግሥቷ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ቤት እንዲያ ጋደም ብላ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ወይም እኔ ፎቶ ስለማላነሳ ነው። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሦስት ቀን ብትበርዳት፣ ሦስት ቀን ብታልባት ምን ትሆናለች? የእኔ ውሃ የተረጨበት ወለል ይሻለኛል ብላ ትመጣለች። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ አላሳምረውም። ሦስቱ ቀን አምስት ሆነ፣ አምስቱ ዘጠኝ። እሁድ እንኳን ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ማታ ማታ ስልኬ ሲጮህ እዘላለሁ፣ የቴሌ መልእክት ሆኖ ሳገኘው እናደዳለሁ።

በአስረኛው ቀን ረቡዕ ጠዋት ስርጉት ደወለች። «እታለም፣ ነይልኝ፤ እማዬን ሳል ይዟታል» አለች። አለቃዬን አስፈቅጄ በባጃጅ ደረስኩ። ሦስት ሰዓት ነበር። የክፍሉን በር ስከፍት ብርዱ ፊቴን መታኝ። እማዬ ጋቢ ደርባ፣ ጭንቅላቷን በሻሽ አስራ አልጋው ላይ ኩርምት ብላለች።

«ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለች ስርጉት፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ጠዋት በረዶ፣ ከሰዓት ምድጃ። ላጥፋው ስላት አይሆንም፣ ጀዕፈርን ልጥራው ስላት አይሆንም። ታረቀኝ ሊነካው ሲል እጁን መታችው! ‹የሻረግ ያስተካከለችውን ማንም እንዳይነካ› ትላለች።»

«ስርጉት፣ ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ» አለቻት እማዬ። «ረፍዷል።»

ስርጉት ወጣች። እማዬ የውጪው በር እስኪዘጋ ጠበቀች።

«አጥፊው» አለችኝ።

አጠፋሁት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ምኑን?»

«የሻረግ!»

«ሰኞ» አልኩ።

«የትኛው ሰኞ?»

«የመጀመሪያው።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ» አለች። «አንቺ የተሳሳትሽ እንደሆነ ሮጠሽ ትመጫለሽ። ስትቀሪ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አላስነካሽም እማዬ? ለምን በብርድ ትሞቻለሽ?»

«ከተነካማ ይታወቃላ! በአማቼ ፊት፣ በታናሽሽ ፊት፣ ምን ብለሽ ልትቆሚ ነው?» ሳሏ አቋረጣት። እስኪያልፍላት ጠበቀችና «ሳሉ ይሻለኛል» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስራ ሰባት ዓመት የረጨሁትን ውሃ እየቆጠርኩ የተቀመጥኩ እኔ፣ እሷ በአስር ቀን ለእኔ የተንቀጠቀጠችውን የት አባቴ ላስቀምጠው? እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ሳጥኑን ከፈትኩት። ከ12:00 እስከ 16:00። ሃያ ስድስት ዲግሪ። ለሰባቱም ቀን።

«ቀትር የቱ ነው?» አለች ከአልጋዋ ላይ።

«አስራ ሁለት የሚለው።»

«እብድ ነው» አለች።

እስከ ቀትር አብሬያት ቆየሁ። ሻይ አፈላሁላት፣ ጉልበቷን አሸሁላት። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ኤሲው ቀስ ብሎ ነፈሰ። ጋቢውን ገፍፋ እግሯን ዘረጋች። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ እሷ ግን ግንባሯ ደርቆ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ስምንት ሰዓትንም አልጠበቀች። ከአጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየኋት። እንዲህ የተመቻት ሰው እኔ ቤት ምን ልታደርግ ትመጣለች? በገዛ እጄ ነው የሸኘኋት። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ስርጉት ለምሳ ስትመለስ እማዬ ነቃች። ስርጉት እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰችና «ተስተካከለ! ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሰዓቱ ተዛብቶ ነው» አለች እማዬ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

እንደዚያ ሊያልፍ ይችል ነበር። «መብራት አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ካወቅሁ ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል። ዝም ያልኩት እያወቅሁ ነው፣ ተቸግራ እንድትመጣልኝ።»

ስርጉት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«እኔስ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔስ እታለም? አስራ ሰባት ዓመት አንቺ ጋ ስትኖር ዝም ያልኩት ስለማልፈልጋት መሰለሽ? እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዤ እንደ እንግዳ ስገባ፣ ‹እማዬ አሁን አትነቃም፣ ተቀመጪ› ስትዪኝ፣ ሰዓቷን ሁሉ ይዘሽ ለእኔ ደቂቃ ስትመትሪልኝ... እናቴ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ የማላውቀው ማን ስላላሳየኝ ነው?»

ጥሩ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እህቱን ያቅፋል። እኔ ግን ተነስቼ የእማዬን እጅ ያዝኩና «እማዬ፣ ነይ ቤታችን እንሂድ» አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ከሄደች ጀምሮ ሳልናገረው የከረምኩት፣ በዚያች ሰዓት፣ ስርጉት ፊት።

እማዬ እጇን አልነጠቀችኝም። በሌላው እጇ መዳፌን መታ መታ አደረገች።

«አሁን የሚጠራኝ ቅናትሽ ነው» አለች። «የቅናት ቤት አልገባም። አንቺ ስትጠሪኝ እመጣለሁ።»

ከዚያ ወደ ስርጉት ዞራ «ምሳ አቅርቢ፤ ሦስታችንም እንብላ» አለች። በላን። አስር ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ማንጎው ሥር ባዶው ወንበር ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አላዞርኩትም።

ይኸው ግንቦት ሊገባ ነው። ሳሏ ለቋታል። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ፤ አሁን እንግዳዋ እኔ ነኝ። ስርጉት «አሁን ነቅታለች፣ ግቢ» ትለኛለች፣ እኔ ያላልኳትን። በሄድኩ ቁጥር ነይ ልላት አፌን እከፍታለሁ። የሚወጣው የእኔ ይሁን የቅናቴ ድምፅ ስለማላውቅ መልሼ እዘጋዋለሁ።