ጢማሙ እንግሊዝ

ሰሞኑን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያን ጢማም እንግሊዝ ሳየው ደሜ ፈላ። በደርግ ጊዜ ምስሉ ሳሎናችን ተሰቅሎ ነበር። አስተማሪው አባባ፣ "ፓርላማ ገብቶ፣ መጽሐፍ ጽፎ፣ የድሃ ልጆችን ከፋብሪካ በሕግ ያስወጣ ሰው ነው" እያሉ ስለ እሱ አውርተው አይጠግቡም ነበር።

አንድ ቀን ለአሰሳ የመጣው ካድሬ ምስሉን ሲያይ ፊቱ ፈካ። "ማርክስን ሰቅለዋል? ጎበዝ ጓድ!" ብሎ ሊወጣ ሲል አባባ፣ "የለም፣ ይሄ እንግሊዝ ነው፤ ያለ ደም ለውጥ ያመጣ" አሉ።

"አሃ፣ አድሃሪ! ተነሳ፣ ቅደም!"

አያቴ ደረታቸውን መቱ። "ምናለ ዝም ብትል? ለፈረንጅ ጢም ብለህ ልጆችህን ልትበትን ነው?"

"እማዬ፣ ማርክስ አይደለማ!" አሉ አባባ ጫማቸውን እያሰሩ።

ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። ጢማሙን እንግሊዝ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ አባባንም እንጃ።